ብስክሌተኛ ማንን ሰላም ይበል?

ብስክሌተኞች መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታ ሊለዋወጡ ይገባልን? በእኔ እምነት አዎን፣ ይገባል! ሰላምታውን በብስክሌተኞች መካከል ብቻ ማስቀረት ግን ነውር ነው።

ከቆቦ በዋጃ በኩል ወደ አላማጣ የሚወስደው መንገድ ሜዳማ ነውና ለብስክሌት ይመቻል (ሙቀቱን የቻለ ይሞክረው)። በዚሁ መንገድ ዳር ገበያተኛውና ከብት ነጂው በእግሩ ይጓዛል። ሥርዓታችን ደግሞ ግልጽ ነው። ባለበቅሎ ሽማግሌ ሲያጋጥመው ወርዶ እጅ ይነሣ ነበር። እስልምናም የጋለበው እግረኛውን፣ እግረኛው የተቀመጠውን ቀድሞ ሰላም እንዲል ያስተምራል። ብስክሌትስ የዘመኑ በቅሎ አይደለችምን? ለመሰሉ እጁን አውለብልቦ አዛውንቱን አቧራ አልብሶ የሚያልፍ ጎረምሳ ሰላምታ አልሰጠም፤ የማኅበሩን አባላት ቆጠረ እንጂ። እጅን ከመሪ ማንሣት አደጋ ነው የሚሉም አሉ። አንገትን ዝቅ ለማድረግ እኮ እጅ አያስፈልግም!

ጉዳዩ ተራ የሚመስለው አንባቢ ይህን ያስብ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመጣው አከላለል ቆቦ በአማራ፣ አላማጣ በትግራይ ክልል ተመደቡ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነትም በዚህ ሜዳ ላይ አልፏል። አማርኛና ትግርኛ አብረው በኖሩበት መንገድ «እንደምን ዋላችሁ» ወይም «ከመይ ውዒልኩም» ያለውን መንገደኛ፣ መልስ ከመስጠት በፊት ከወዴት ወገን ነው ብሎ መመዘን ከማኅበርተኛው ብስክሌተኛ ሥራ በምን ይለያል? ያኛው የሚመርጠው በጎማ፣ ይኸኛው በቋንቋ ነው። ለሁለቱም ሰላምታዎች፣ በሰላምታው ቋንቋ፣ ሳይዘገይ መመለስ ይገባል፤ ቀድሞ ማለት ያለበት ደግሞ ጋላቢው ነው።