«ገጣጠመው እንጂ አልሠራውም» ለምትሉ ሁሉ

ረጅም ነው። ትዕግሥት ያለው ያንብበው፤ የሌለው ላይክ አድርጎ ይለፍ፣ አልቀየምም።

በአገራችን የአንድን ባለሙያ ሞራል ለመግደል አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ «እሱ እኮ ገጣጠመው እንጂ አልሠራውም።» ይህችን ቃል ተማሪ ላይ ስትወረወር ሰምቻለሁ፣ ጋራዥ ውስጥ ሰምቻለሁ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣን ሰምቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እዚሁ ገጼ ላይ ሰማኋት። አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ፍሊንትሎክ የሚሉትን፣ በባልጩት እሳት የሚተኮሰውን የድሮ ጠመንጃ ከኪት ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ አጋርቼ ነበር። መልሱ ምን ሆነ? «ይሄ ምን ይደንቃል? ዕቃውን ገዝቶ ገጠመ፣ በቃ።»

እሺ። እንግዲህ ስለዚች «በቃ» እናውራ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ ቤታችሁ ጠመንጃ ሥሩ እያልኩ አይደለም። እዚህ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ጠመንጃም ከበቂ በላይ ጠግበናል። የማወራው ስለ እጅ ሙያ ነው።

ኪት ምንድን ነው? አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለውን የድሮ ጠመንጃ መሥራት የሚወዱ ብዙ ሰዎች አሉ። በሳጥን የሚገዙት አፈሙዙን፣ ባልጩቱን ብረት ላይ የሚመታውን ክፍል (መለኮሻው እንበለው)፣ ምላጩን፣ የነሐስ ጌጦቹንና ብሎኖቹን፣ እንዲሁም በግማሽ የተጠረበ እንጨት ነው። አንዳንዱ ኪት በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ስለተፈለፈለ ሥራው ይቀላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወራት ይበላል። ሳጥኑን ከፍተህ ወለል ላይ ብትዘረግፈው ግን ጠመንጃ አይሆንም። የብረትና የእንጨት ክምር ነው።

ከዚያ ሥራው ይጀምራል። መለኮሻው እንጨቱ ውስጥ ሊቀመጥ ነው። እንዴት? ብረቱን በኩራዝ ወይም በሻማ ጭስ ጥላሸት ትቀባዋለህ፣ እንጨቱ ላይ ትጫነዋለህ፣ ታነሳዋለህ። ጥቁር ነጥብ የታተመበት ቦታ ብረቱን የሚገፋው ነው፤ እሱን ብቻ በመሮ ትፍቃለህ። እንደገና ጥላሸት፣ እንደገና መጫን፣ እንደገና መፋቅ። አንድ ጊዜ አብዝተህ ከፋቅህ የተወሰደው እንጨት አይመለስም፤ ክፍተቱ ዕድሜ ልክህን ያይሃል። ተማሪዎቼን «ልክ መሆን» ማለት ምን እንደሆነ በቴክኒካል ድሮዊንግ ወረቀት ላይ ዓመት ሙሉ ከማስረዳቸው ይህን አንድ ሰዓት ቢሠሩት ይሻላቸዋል።

አፈሙዙ ደግሞ የማሽን ጭረቱ እስኪጠፋ በሞረድ ይሞረዳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ከዚያ ቡናማ እንዲሆን ሆን ተብሎ ይዛጋል። አዎ፣ ይዛጋል! ቅባቱ በደንብ ይጠረግና የሚያዝግ ፈሳሽ ይቀባል፣ እርጥበት ያለበት ቦታ ይሰቀላል፣ ዝገቱ ይፋቃል፣ እንደገና ይቀባል። ቀናት ይፈጃል። በመጨረሻ ዝገቱ እንዲቆም ይደረግና ዘይት ይጠጣል። ያ ሁላችን የምንጠላው ዝገት በዕውቀት ሲያዝ የብረት ልብስ ይሆናል። እንጨቱ ሜፕል ከሆነ ብረት የሟሟበት የናይትሪክ አሲድ ይቀባና ሙቀት ሲነካው ቀይ ቡናማ ቀለሙ ይወጣል። ማጠናቀቂያው ምንድን ነው? ዘይት። የምን ዘይት? የተልባ! እኛ ለጾም ወጥ የምንቆላው ተልባ።

ተጠናቀቀ? አይደለም። መተኮስ አለበት። ብልጭታው ከድንጋዩ የሚወጣ ይመስላል እንጂ የሚነደው ብረቱ ነው፤ ስለታሙ ባልጩት ከብረቱ ላይ የላጠው ደቃቅ ቅንጣት አየር ላይ ይቃጠላል። ብረቱ በእሳት ተግሎ በሚገባ ካልጠነከረ ብልጭታ የለም። ባልጩቱ የሚመታበት አቅጣጫ ከተዛባ ብልጭታው ባሩዱ ላይ አያርፍም። እሳት የምታልፍበት ቀዳዳ ቦታዋን ከሳተች ውጭ ያለው ባሩድ ቦግ ብሎ ይጠፋል፣ ውስጥ ያለው ዝም። እዚህ ላይ ፊዚክስ አለ፣ ኬሚስትሪ አለ፣ ጂኦሜትሪ አለ። «ገጠመ፣ በቃ» ያልከው ሰውዬ እነዚህን ሁሉ ታውቃለህ?

አሁን ወደ ታሪኩ ልምጣ፤ ምክንያቱም «የድሮ ሰዎች እኮ ሁሉንም በእጃቸው ነበር የሚሠሩት» የሚል መከራከሪያ ይመጣል።

አንዳንዶች ችለው ነበር፣ አልክድም። ዋላስ ገስለር የሚባል ባለሙያ ዊሊያምስበርግ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አፈሙዙን ከብረት ዝርግ ቀጥቅጦና በይዶ፣ መለኮሻውን ሞርዶ፣ ነሐሱን አቅልጦ ሙሉ ጠመንጃ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1969 ፊልም ተነሥቷል። ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። ነገር ግን በዚያው በድሮው ዘመን ፔንሲልቬንያ ላንካስተር አካባቢ ይሠሩ የነበሩት ስመ ጥር ጠመንጃ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ መለኮሻውን ከእንግሊዝ ተጭኖ ከመጣው ገዝተው ነው የሚገጥሙት። ዛሬ ሥራቸው ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። «ገጣጣሚ» ብሎ የሚስቅባቸው የለም።

የእንግሊዝ ጦርስ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን «ብራውን ቤስ» የተባለውን ጠመንጃ ሲያሠራ አፈሙዙን ከአንዱ፣ መለኮሻውን ከሌላው፣ ነሐሱን ከሦስተኛው ባለሙያ እየገዛ ያከማች ነበር፤ ከዚያ እንጨት ገጣሚዎችና አጠናቃቂዎች ጠመንጃ ያደርጉታል። በርሚንግሃም ላይ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ባለሙያ ነበረው። ማጠናቀቅ ራሱን የቻለ፣ ስም ያለው፣ እንጀራ የሚበላበት ሙያ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1785 ደግሞ ቶማስ ጄፈርሰን በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ ሳለ ኦኖሬ ብላን የተባለ ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ሄደ። ሰውዬው የሃምሳ መለኮሻ ክፍሎችን ፈታቶ በየዓይነቱ ደርድሮ አቀረበለት። ጄፈርሰን በራሱ እጅ ያገኘውን እያነሣ የተወሰኑትን ገጣጠመና ሁሉም ልክክ አሉ። ተደንቆ ስለዚህ ነገር ወደ አገሩ ደብዳቤ ጻፈ። ለምን ተደነቀ? ያን ጊዜ የአንዱ ጠመንጃ ክፍል ለሌላው አይሆንም ነበራ። በኋላ የፋብሪካ ምርት የተባለው ነገር ትልቅ መሠረቱ ይኸው የመገጣጠም ሐሳብ ነው። ነገ ፕሬዚዳንት የሚሆን ሰው ቁጭ ብሎ መለኮሻ ገጣጠመ፤ የእኛ ሰው ግን መገጣጠም ያንሰዋል!

ወደ ቤታችን እንግባ። የፖርቱጋል ሰዎች ነፍጥ ይዘው እ.ኤ.አ. በ1541 ምጽዋ ወረዱ፤ የክሪስቶቫው ዳ ጋማ አራት መቶ ወታደሮች ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1543 ሌሎች ፖርቱጋሎች ነፍጥ ይዘው ጃፓን፣ ታኔጋሺማ ደሴት ደረሱ። የጃፓን ሰይፍ ሠሪዎች ነፍጡን ፈታቱት፣ ቀዱት። የአፈሙዙን የኋላ ጫፍ የሚዘጋው ጥርሳም ብሎን እንዳስቸገራቸው ይተረካል፤ ግን አልተውትም። በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በራሳቸው ነፍጥ ጦርነት የሚወስኑ ሆኑ። እኛስ? ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አልልም፤ ጦርነትም፣ የባሕር በር መዘጋትም፣ ሌላም አለ። አንዱን ምክንያት ግን ሁላችን እናውቀዋለን፣ አፋችን ላይ ስላለ፦ ጃፓን ሰይፍ ሠሪውን ስታከብር እኛ ብረት ሠሪውን «ቡዳ» እንለው ነበር። ማረሻህን ይሠራልሃል፣ ማጭድህን ይስልልሃል፤ ልጅህን ግን አትድርለትም፣ ዓይኑንም ትፈራለህ። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ ሠሪው «ፋቂ»። ነገሩ ስለከፋ ነው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁ ተረሳ፣ ስድቡ ግን ልብስ ቀይሮ መጣ። ዛሬ «ቡዳ» ማለት ነውር ስለሆነ «ገጣጣሚ» እንላለን።

የሚገርመው ደግሞ ሴባስቶፖልን እናወድሳለን! አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት መድፍ ፎቶ ሲለጠፍ ልባችን ያብጣል። ጋፋት ላይ ከአውሮፓውያኑ ሚስዮናውያን ጋር ከሰል የተሸከመው፣ ወናፍ የነፋው፣ ብረት ያቀለጠው ኢትዮጵያዊ ማን ይባላል? የአንዱን ስም ጥሩልኝ። መድፉን ወደድነው፣ ሠሪውን ረሳነው።

አሁን ልቤን ወደሚያቃጥለው ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ ሞተር፣ ከብስክሌት ጎማና ከቆርቆሮ ቁርጥራጭ እህል መፈልፈያ ሠርቶ ለሳይንስ ዐውደ ርእይ አቀረበ። ይሠራል! በቆሎ ሲፈለፍል ዓይናችን እያየ። አንድ ዳኛ ዞር ዞር ብሎ አየውና «ሞተሩም የሌላ፣ ጎማውም የሌላ፤ አንተ ምኑን ሠራኸው?» አለው። አንደኛ የወጣው ከኢንተርኔት የተቀዳ ፖስተር ነው፤ ፖስተሩ ቆንጆ ነበራ። ልጁ ሁለተኛ ምንም ይዞ አልመጣም። በጉድለቱ አይደለም ያጣነው፤ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ነው።

ትክክለኛ ቅሬታ እንዳለ አውቃለሁ። «ዕቃ በኮንቴይነር አምጥቶ ብሎን አጥብቆ ‹በኢትዮጵያ የተሠራ› ብሎ የሚለጥፈውስ?» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። እሱን እኔም አልወደውም። ሁለቱን የምለይበት አንድ ጥያቄ አለኝ፦ አልሠራ ሲል ምን ታደርጋለህ? መልሱ «ወደ ላከልኝ እደውላለሁ» ከሆነ የጠበቀው ብሎን ብቻ ነው። መልሱ «ፈትቼ አያለሁ፣ ሞርጄ አስተካክላለሁ፣ ከጠፋም ሌላ እሠራለሁ» ከሆነ ሰውየው ባለሙያ ነው፣ አክብሩት። ያ ቪዲዮው ላይ ያለው ሽማግሌ ጠመንጃው ሦስት ጊዜ እምቢ አለው። ሦስቱንም ጊዜ ፈታው። አራተኛው ላይ ጮኸ።

ደግሞስ ማን ነው ከላይ የጀመረ? ዛሬ ከኪት የጀመረ ሰው ነገ እንጨቱን ራሱ ይጠርባል፣ ከነገ ወዲያ መለኮሻውን ራሱ ይሞርዳል። መሰላል እርከን አለው። የመጀመሪያውን እርከን ሰብረን «ለምን ሰገነቱ ላይ አልወጣህም?» ብለን የምንስቅ እኛው ነን።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፦ ለግድግዳ ቀለምና ለባነር ከሚወጣው ላይ ቀንሳችሁ ዐሥር ሞረድ፣ አምስት መሮ፣ ሁለት ሞርሳ ግዙ። መምህራን ጓደኞቼ፦ ልጅ የገጣጠመውን ይዞ ሲመጣ «ምኑን ሠራኸው?» አትበሉት፤ «ሲበላሽ እንዴት ታስተካክለዋለህ?» በሉት። ያኔ ማን እንደሚያውቅ ይለያል። ወላጆች፦ ልጃችሁ ሬዲዮ ሲፈታ እጁን አትምቱት፤ ብሎኑ እንዳይጠፋበት ሳህን ስጡት።

«አንተ ራስህ በዲፕሎማ ነህ፣ ምን አውቀህ?» የምትሉም እንደምትኖሩ አውቃለሁ። አዎ፣ ዲፕሎማዬ በብረታ ብረት ሥራ ነው። ሞረድ መያዝ እችላለሁ። እናንተስ?

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው። ያንን የበቆሎ መፈልፈያ የሠራ ልጅ ምናልባት ይህን ካነበብክ፦ መፈልፈያው የአንተ ነው። አንተ ነህ የሠራኸው።

መምህራንና ወላጆች ጋ እንዲደርስ ሼር አድርጉት። መልካም ሰንበት።