ልጆቻችን ቅዳሜ ጥዋት ሐይቅ ዳር ስለሚያነሱት ፎቶግራፍ



ማኅበራችን ከጥቅምት ወር ጀምሮ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችንን በየቅዳሜው ጥዋት ከአንድ የሳይንስ መምህር ጋር ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ እየላከ፣ የዛፉን፣ የወፉንና የጉሬዛውን ፎቶግራፍ ማንሳት እንዲማሩ ሲያደርግ መቆየቱ ይታወቃል። መሣሪያዎቹ እናንተው የሰጣችኋቸው አሮጌ ስልኮች ናቸው። ሲም ካርድ የላቸውም፣ ካሜራቸው ብቻ ነው የሚሠራው። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስልኮቹ ተሸጠው ገንዘቡ ለድንኳን መግዣ ይዋል የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ስለመሸ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። እኛ በበኩላችን አይሸጡ እንላለን። ምክንያታችንን አስቀድመን እዚህ ሰሌዳ ላይ ብንለጥፈው ሁሉም አስቦበት ይመጣል ብለን ነው።

ቅሬታው መሠረት የለውም አንልም። አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጄ ስልክ ከእጁ እንዲርቅ ስለምን ስኖር እናንተ ሄዳችሁ ስልክ አስያዛችሁት!» ሲሉ ቤቱ ሁሉ ሳቀ እንጂ አነጋገራቸው እውነት አለው። በኅዳር ወር ደግሞ አንድ ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ሲራመድ እርጥብ ድንጋይ አንሸራትቶት እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ልጁ በደህና ወጣ፤ ስልኩ ግን እዚያው ቀረ። ይህ የኛ ጥፋት ነው። 22 ልጅ ለአንድ መምህር ሰጥተን መላካችን ስህተት ነበር። አሁን በአንድ ጊዜ ከ12 ልጅ በላይ አይሄድም፤ ሁለት ወላጆችም አብረው ይወጣሉ፤ እየተራመዱ ማንሳት ክልክል ነው። ጉማሬም ሌሊት ለግጦሽ ወጥቶ ሲነጋጋ ወደ ውሃው የሚመለስ አውሬ ስለሆነ፣ ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት ወደ ዳርቻው አንወርድም። ከዚያ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያለው ብርሃን ገና ጎን ለጎን ስለሚመጣ ለፎቶ ይበቃል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ግን የዛፉም የወፉም ሆድ ዕቃ ጥላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ልጆቹም ይርባቸዋል።

እንግዲህ ስለ ስልክ የተነሣውን ነገር እንመልከት። በኛ ልጅነት ፎቶግራፍ የሚነሣው በፊልም ነበር። አንድ ጥቅል 36 ፎቶ፣ አነስ ያለው 24 ነው። ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው ሰው ሁሉ ተስተካክሎ እስኪቆም ድረስ ጣቱን አይጫንም፤ ፊልሙ ገንዘብ ነዋ! መምህሩ ይህን ሲሰማ ደስ አለውና ደንብ አደረገው፤ አንድ ልጅ በአንድ ጥዋት 10 ፎቶ ብቻ። በመጀመሪያው ሳምንት አሥሩንም በአምስት ደቂቃ ጨርሰው ቁጭ አሉ፤ ያነሱትም የሸሸ ወፍ ጭራ ነው። አሁን ግማሽ ሰዓት አንድ ሾላ ሥር ተቀምጠው የሚጠብቁ አሉ። ያቺ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ትንሽ ወፍ አየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ቁልቁል ወደ ዓሣው የምትወረወርበትን ጊዜ ለማግኘት ሌላ መንገድ የለማ። ልጅን ስልክ የሚጎዳው ሲያፈዘው ነው። እዚህ ግን ስልኩ ቁጭ ብሎ እንዲያይ አደረገው።

አንድ ቀን አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ መጥታ፣ «የአባ ኮዳ እግር ቀለሙ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችን። ያ ራሰ በራው ትልቁ አሞራ፣ በየቀኑ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቅ የምናየው፤ ምን ጥያቄ አለው፣ ነጭ ነው አልናት። ከዚያ ሁለት ፎቶ አሳየችን። በአንዱ እግሩ ነጭ ነው፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ በወጣው ግን ጠቆር ያለ ነው። ለካ አባ ኮዳ ፀሐይ ሲበረታበት የገዛ እግሩ ላይ ይጸዳዳል፤ ያ እርጥበት ሲተን እግሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ነጩ የደረቀ ኩሱ ነው። መምህሩ ነው ያስረዳን። ዕድሜያችንን ሙሉ እዚህ ኖረን፣ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልዘለቅንም እንበል፣ ዓይን ግን ነበረን እኮ!

የጉሬዛውም እንዲሁ ነው። ጉሬዛ ሲወለድ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ሆኖ ነው፤ ጥቁሩ በኋላ ነው የሚመጣው። ከናቱ ደረት የተጣበቀውን ነጭ ግልገል ፎቶ ልጆቹ ሲያመጡ ድመት ነው ያሉ አባት ነበሩ።

መምህሩ አጥብቆ የሚከለክለው ነገር አለ። ጦጣን በዳቦ አባብሎ ማንሳት አይፈቀድም፤ ዳቦ የለመደች ጦጣ ነገ ከሕፃን እጅ ትነጥቃለች። ወፍ ጎጆዋ ላይ ከተቀመጠች ተጠግቶ አያነሷትም፤ እናቲቱ ከሸሸች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሳት ነውር ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሳይጠየቁ ስለተነሱ ተቆጥተው ነበር፤ ልክ ናቸው፤ ልጆቹ ይቅርታ ጠይቀው ፎቶውን ፊታቸው አጠፉት። በወንጭፍ ወፍ በመምታት ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልጃችንም አሁን ከቡድኑ አይቀርም። ወንጭፉን ጣለ አንልም፤ ኪሱ ውስጥ አይተነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አያወጣውም።

ይህ ትምህርት የስድስተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይጨምራል ብለን አንዋሽም። ይጨምር አይጨምር አልለካንም። ቅዳሜን ለጥናት ብቻ የሚፈልጉ ወላጆች ልጃቸውን ቢያስቀሩ መብታቸው ነው። የሌላውን ልጅ ግን አያስቀሩብን።

ድንኳኑም ያስፈልጋል፤ በክረምት ለቅሶ ላይ የደረሰብንን ማን ይረሳል? ነገር ግን የቀሩት 5 አሮጌ ስልኮች ቢሸጡ የድንኳኑን አንድ ጎን እንኳን ይገዙ እንደሆነ እንጃ። ድንኳኑን በመዋጮ እንግዛው፤ የኮሚቴው አባላት መጀመሪያ እንከፍላለን።

ልጆቹ ካነሱት ውስጥ 14ቱን ፎቶ ቤት አሳጥበን ከዚህ ወረቀት ጎን ለጥፈናል። የአባ ኮዳው እግር ከላይ በስተቀኝ ነው። እባካችሁ ልጆች በጣት እንዳይነኩት ንገሩልን። ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከጥዋቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ ነው። ለቅዳሜ አብሮ የሚወጣ አንድ ተጨማሪ ወላጅ ስለሚያስፈልገን፣ የምትችሉ ከእሑድ በፊት ለጸሐፊው ስማችሁን አስመዝግቡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ