«ሐራም ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ እሳቱን እኛው እናንድደው



እዚህ አሜሪካ በጋው ሲገባ ወደ መስጂዳችን ከሚመጡ ጥያቄዎች አንዱ የባርቤኪው ጉዳይ ነው። ልጆች ከጎረቤት፣ ከክፍል ጓደኛ፣ ከኳስ ቡድን ይጠራሉ። ወላጅ ይደውልና «ዶሮውን ብቻ ቢበላስ? ሶሱስ ምን ችግር አለው?» ይላል። መልሱን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ከመልሱ በኋላ ያለውን ነው። ልጁን «አትብላ» ካልነው፣ የሚበላውን ሐላል የማቅረቡ ኃላፊነት የእኛው ነው። በጓሯችን፣ በገዛ እጃችን፣ ከእነሱ ባላነሰ ጥፍጥና ልናቀርብለት እንችላለን።

መጀመሪያ ጥንቃቄው ለምን እንደሆነ እንይ። ጉዳዩ የእርድ ብቻ አይደለም። የካሮላይና ባርቤኪው መሠረቱ አሳማ ነው። ቴክሳስ በበሬ ቢታወቅም፣ በብዙ ቦታ ሁለቱ አንድ ምድጃ ላይ ስለሚበስሉ የአንዱ ስብ በሌላው ላይ ይንጠባጠባል። አብሮ የሚቀርበው ጣፋጭ ቦሎቄ ውስጥ እንኳ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስጋ ይገባል። አንዳንዱ ሶስ ደግሞ ቦርበን የሚባል ውስኪ አለበት። «አልኮሉ እሳት ላይ ተኖ ያልቃል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሠንጠረዥ ግን እንዲህ አይልም። ከምግብ ጋር 15 ደቂቃ ሲንተከተክ 40 በመቶው፣ አንድ ሰዓት ሲንተከተክ 25 በመቶው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይቶም 5 በመቶው ይቀራል።

በሌላ በኩል ሐላሉን ሐራም አናድርግ። በጢስ የበሰለ ስጋ ሲቆረጥ ከዳር በኩል ቀላ ያለ ቀለበት ይታያል። «ይሄ ደም ነው፣ አልበሰለም» ብለው ሰሃኑን የሚገፉ አይቻለሁ። ደም አይደለም። ከሚነደው እንጨት የሚወጣ ጋዝ ስጋውን ከሚያቀላው ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ቀለሙ እንዳይጠፋ ያደርገዋል። ስጋው ግን በደንብ በስሏል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ምን አስመሰለን?» ለሚሉም መልስ አለ። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ሌሊቱን ሙሉ ከእሳቱ አጠገብ እያደሩ ይህን ሙያ ያሳደጉት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው። እኛስ ብንሆን ለጢስ እንግዳ ነን እንዴ? እናቶቻችን የወተት ዕቃ በወይራ ያጥናሉ፤ ቋንጣው ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጢስ እየጠጣ ይደርቃል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ ትዕግስት ብቻ ይፈልጋል። ኡድሒያ ላይ ለሰባት ሆናችሁ በሬ ስታርዱ፣ ለወጥ ብቻ የምናውለውን ፍርምባ ሳትቆራርጡ አስቀሩት። አሜሪካኖቹ ብሪስኬት የሚሉት እሱኑ ነው። የኡድሒያን ስጋ መብላትም፣ ማካፈልም፣ ማስቀመጥም እንደተፈቀደ ታውቃላችሁ። ስቡን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ጨውና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ እኩል ቀላቅላችሁ እሹት። የተለየ ማሽን አያስፈልግም። ክዳን ባለው ተራ የከሰል ማንደጃ ከሰሉን በአንድ ጎን፣ ስጋውን በሌላው ጎን አድርጋችሁ፣ በከሰሉ ላይ ደረቅ የኦክ ወይም የፖም እንጨት ጣል አድርጉ። ቀለም የተቀባና ሙጫ ያለው እንጨት አይሆንም። ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጢስ ስጋውን ያመርረዋል፣ የሚፈለገው ስስ ጢስ ነው።

ሙቀቱ ከ225 እስከ 250 ዲግሪ ፋራናይት ይሁን። የስጋው ውስጥ ወደ 160 ሲደርስ ሙቀቱ ለሰዓታት ቀጥ ይላል። አትደንግጡ፣ ስጋው እያላበ ራሱን እያቀዘቀዘ ነው። 200 ገደማ ደርሶ ሹካ ያለ ችግር ሲገባ አውጡና ጠቅልላችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳርፉት። ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚሆን ፍርምባ 12 ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ከፈጅር ሶላት በኋላ ከጀመራችሁ መግሪብ ሳይገባ ይደርሳል። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ከአባታቸው ጋር እሳት ይጠብቃሉ፣ ሶላቱንም አብረው ይሰግዳሉ።

ሶሱ ደግሞ 20 ደቂቃ ነው። ሁለት ኩባያ ካቻፕ፣ ግማሽ ኩባያ ኮምጣጤ፣ ግማሽ ኩባያ የተምር ሽሮፕ፣ አንድ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ማንኪያ በርበሬ አድርጋችሁ በቀስታ አንተክትኩት። ጠለቅ ያለ ጎምዛዛ ጣዕም ከፈለጋችሁ፣ ዐረቦች ተምር ሂንዲ የሚሉትን ሁመር ጨምሩበት። ኮምጣጤ የሚል ቃል አያስፈራችሁ፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥሩ ማባያ ብለው ያወደሱት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ዝናብ ዘነበ ብላችሁ ማንደጃውን ቤት፣ ጋራዥ ወይም በረንዳ ላይ እንዳታስገቡ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቤተሰብ ሙሉ ይገድላል፤ ለቡና ከሰል የለመድን ሰዎች ይህን ቀላል አድርገን እናየዋለን። ሁለተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. በጢስና በጨው የተዘጋጀን ስጋ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ የዒድና የእንግዳ ምግብ ይሁን፣ የየሳምንቱ አይሁን።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! እዚህ አገር የሚያድግ ልጅ ዲኑን የሚያውቀው በተከለከለው ዝርዝር ብቻ ከሆነ፣ አንድ ቀን ዝርዝሩ ይሰለቸዋል። ከአባቱ ጓሮ የሚወጣው ሽታ ሰፈሩን ሲጠራ ያየ ልጅ ግን በሐላሉ አያፍርም። ስጋው ሲደርስ የመጀመሪያውን ሰሃን ሙስሊም ላልሆነው ጎረቤታችሁ ላኩ፣ ተሸካሚውም ልጃችሁ ይሁን። በሌላ ጊዜ ሲጠራ «እኔ ይዤ እመጣለሁ» የሚልበት ነገር ይኖረዋል።

ወላሁ አዕለም።