የበረራ ተመራማሪው ከቤተ ሙከራ ውጭ የሚያሳልፈው ጊዜ

የኤሮስፔስ ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቅዳሜን በተራራ ጉዞ ወይም አዕዋፍን በመመልከት ሲያሳልፍ፣ ጊዜው ከመመረቂያ ጥናቱ እንደ ተቀነሰ የሚቆጥሩ አማካሪዎች ጥቂት አይደሉም። የሙያው ታሪክ ግን ይህን አቆጣጠር አይደግፈውም።

ፖል ማክሬዲ እ.ኤ.አ. በ1952 ከካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም በኤሮኖቲክስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘ፣ በ1956 ደግሞ የዓለም የግላይደር ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነበር። በ1976 ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት በወጣበት ጊዜ ጭልፊቶችና ጥንብ አንሳዎች ወደ ላይ በሚወጣ ሞቃት አየር ሲዞሩ ይመለከት ነበር። ወፉ አንድ ዙር የሚፈጅበትን ጊዜና ክንፉን ያጋደለበትን ማዕዘን ያወቀ ሰው ፍጥነቱንም የዙሩንም ስፋት ማስላት ይችላል። ጊዜው 12 ሰከንድ፣ ማዕዘኑ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 8.7 ሜትር፣ የዙሩ ሬዲየስ 17 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ የእጅ ሰዓት ብቻ ነው።

ልዩ ልዩ መጠን ያላቸውን አዕዋፍ ማነጻጸሩ ማክሬዲን ወደ አንድ ቀላል ዝምድና መራው፤ ክብደት ሳይጨምር የአውሮፕላኑ ልኬት ሦስት እጥፍ ቢያድግ፣ ለበረራ የሚፈለገው ኃይል ወደ ሲሶ ይወርዳል። በዚህ መርሕ የተሠራው ጎሳመር ኮንዶር 29 ሜትር ያህል የክንፍ ርዝመት ነበረው። ነሐሴ መባቻን አልፎ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1977፣ በሰው ጉልበት ብቻ በመብረር ከ1959 ጀምሮ አሸናፊ ያጣውን የክሬመር ሽልማት ወሰደ። ፔዳሉን የመታው ብራያን አለንም ብስክሌት ጋላቢና የሃንግ ግላይደር በራሪ ነበር፤ ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

በዓይን የተገመተ ማዕዘን መረጃ ሊባል አይችልም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነትነት አለው፤ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የ5 ዲግሪ ስሕተት የፍጥነቱን ውጤት በሩብ ያህል ያዛባዋል። ይሁን እንጂ ከመስክ የሚጠበቀው ጥያቄው ነው፤ ትክክለኛው ልኬት በኋላ በመሣሪያ ይመጣል።

ለአዲስ አበባ ተማሪ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የአየሩ ጥግግትም ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ይህን በሳንባው ያውቀዋል። በኮምፒውተር ፊት ብቻ የተቀመጠ ግን የባሕር ወለሉን 1.225 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ሳይለውጥ የድሮኑን አንሺ ኃይል ሊያሰላ፣ ከዚያም ድሮኑ ለምን ከመሬት እንደማይነሣ ሲመረምር ወር ሊያባክን ይችላል።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች በጥናት ምክረ ሐሳብ ቅጽ ላይ ለመስክ ምልከታ ቦታ ቢሰጡ፣ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ጊዜም ቢፈቅዱ ተገቢ ይሆናል። ለጅማሬው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጥንብ አንሳዎቹ በቄራ ሰማይ ላይ ይዞራሉ።