ድመት ዓመሏን ስትረሳ

ርዕሰ አንቀጽ

«ድመት ብትመነኩስ ዓመሏን አትረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሚነገረው ለሰው ጠባይ ቢሆንም ዛሬ ግን ለራሷ ለድመቷ ልንጠቀምበት ወደድን። ዓመሏን የረሳች ድመት መንኵሳ ሳይሆን ታማ ነውና።

በሰፈራችን ድመት የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። እህሉን፣ በርበሬውንና የልጆቹን ደብተር ከአይጥ የምትጠብቅልን እርሷ ናት። ውለታዋን የምናስታውሰው ግን እርሷ ከሞተች በኋላ አይጥ ጆንያውን መብሳት ሲጀምር ነው።

ባለፈው ክረምት በአካባቢያችን ጥቂት ድመቶች በተከታታይ መሞታቸው ይታወሳል። «ሆን ብሎ መርዞብኝ ነው» በሚል ጎረቤት ከጎረቤት እስከ መኰራረፍ ደርሷል። ነገሩ ሲጣራ በበርካታ ቤቶች የአይጥ መርዝ ተደርጎ ነበር። መርዙን የበላ አይጥ ይደክማል፤ የደከመውን አይጥ ደግሞ ድመት በቀላሉ ይዛ ትበላለች። እንግዲህ ማን በማን ይፈረድ? ክፋት ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የጎደለው መነጋገር ነበር። ሌላም የጎደለ ነገር አለ፤ ድመቶቹ ከመሞታቸው በፊት አንዳንዶቹ ለቀናት ታመው ሳለ ልብ ያላቸው አልነበረም።

ከአይጥ መርዞች አንዳንዱ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሌላው ዓይነት ግን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ በመሆኑ ምልክቱ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ ድመቷ ትደክማለች፣ ድዷ ይነጣል፣ ከአፍንጫዋ ወይም ከድዷ ሊደማት ይችላል። ይህን በጊዜው የደረሰበት የእንስሳት ሐኪም በቫይታሚን ኬ ሊያድናት ይችላል። ቁም ነገሩ በጊዜው መድረስ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለድመት በደንብ ይሠራል። ውሻ ሲያመው ያለቅሳል፤ ድመት ግን ተፈጥሮዋ ሆኖ ሕመሟን ትደብቃለች። ከአልጋ ሥር ገብታ ዝም ስትል «ሰነፈች፣ ጠገበች» እንላለን እንጂ ታመመች አንልም። ስለዚህ እርሷ ካልተናገረች እኛ ማየት አለብን።

ጤነኛ ድመት በፍላጎት ትበላለች፣ ሰውነቷን እየላሰች ታጸዳለች፣ ኮሽታ ስትሰማ ጆሮዋን ታቆማለች። ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋ ንፍጥ የሌለበት፣ ድዷ ቀላ ያለ፣ ጠጉሯ ለስላሳ ነው። ተኝታ ሳለች የጎኗን መነሣት ብንቆጥር በደቂቃ ከ30 አይበልጥም። ሰውነቷ ቢሞቅ አትደንግጡ፤ የድመት ሙቀት ከሰው ከፍ ብሎ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው።

በአንጻሩ ጠጉሯን መላስ ትታ ከተንጨባረረች፣ በዓይኗ ውስጠኛ ጥግ ነጭ ሽፋን ከወጣ፣ አፏን ከፍታ የምታለከልክ ከሆነ ታማለች። ሁለት ቀን ሙሉ እህል ያልቀመሰች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል «ነገ ትበላለች» ተብሎ አይቆይም። ወንዱ ድመት ሽንቱን ለመሽናት እያማጠ ጠብ ካላለለት ያው በዕለቱ ሐኪም ካላየው ይሞታል። በጠጉሯ መካከል ክብ ክብ እየሆነ የሚመለጥ ነገር ከታየ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ለልጆቻችን ይተላለፋል። ደግሞ እባካችሁ የሰው ኪኒን አትስጧት! ለእኛ ራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

ከሁሉም በላይ ልንጠነቀቅ የሚገባን የእብድ ውሻ በሽታን ነው። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ይይዘዋል፤ ወደ ሰውም ታስተላልፋለች። ለማዳ የነበረች ድመት በድንገት መናከስ ከጀመረች፣ ለሀጯ ከተዝረበረበ፣ ድምፅዋ ከተለወጠ ወይም መዋጥ ካቃታት፣ «አጥንት ተሰንቅሮባት ይሆናል» ብሎ አፏን መክፈት አያስፈልግም። ልጆችን አርቁ፤ ሳትነኳት ባለችበት በር መዝጋት ከተቻለ ዝጉና ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እስኪያመኝ ልጠብቅ ማለት ራስን መግደል ነው፤ የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና።

«ለራሳችን ሐኪም ያላገኘን ለድመት?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። የኑሮው ነገር ለእኛም አልጠፋንም። ነገር ግን ማየት ገንዘብ አያስከፍልም። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢሆን፣ ዓይኗን፣ ድዷንና ጠጉሯን ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ስለሆነም ማኅበራችን ለነዋሪው ሁሉ የሚከተለውን ያሳስባል። የአይጥ መርዝ ለማድረግ ያሰበ አስቀድሞ ለጎረቤቱ ይንገር፤ ከተቻለም በመርዝ ፈንታ ወጥመድ ይጠቀም። የሞተ አይጥ በዱላ ወይም በአካፋ ተነሥቶ ይቀበር እንጂ ወደ መንገድ አይጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲሰጥ ውሻውን ብቻ ሳይሆን ድመቷንም በቅርጫት ይዘን እንውጣ። የታመመች ድመት ያየ የእኔ አይደለችም ብሎ አይለፍ፤ ለባለቤቷ ይንገር።

ባለፈው ክረምት የተኰራረፉትም ጎረቤቶቻችን ቡና ጠጥተው ይታረቁ ዘንድ እንጠይቃለን። ድመቷ ዓመሏን ብትረሳ በሽታ ነው፤ እኛ የጉርብትና ዓመላችንን ብንረሳ ግን ምን ይባላል?