ግልጽ ደብዳቤ፦ የሩቤላን ክትባት ላዘገያችሁብን

ጄኔቫ በዓለም ጤና ድርጅት ተቀምጣችሁ መስፈርት ለምታወጡ፣ በየአገሩም የክትባት በጀት ለምታጸድቁ ሁሉ፤

ከንፈር እንድትመጡልኝ አይደለም የምጽፈው። ልጄን የቀበርኩ እናት ነኝ። እርግዝናዬ ገና ሁለት ወሩ ሳለ ቀለል ያለ ትኩሳትና ሽፍታ ወጣብኝ። ጎረቤቶቼ «ሙቀት ነው» አሉኝ፤ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ልጄ ስትወለድ የሁለቱም ዓይኖቿ ብሌን ነጭ ነበር። የድስት ክዳን ከኋላዋ ወድቆ ቤቱ ሁሉ ሲደነግጥ እሷ ጣቷን መጥባቷን አላቋረጠችም። በመጨረሻ የወሰዳት ልቧ ነው። ወረቀቷ ላይም የተጻፈው «የልብ ሕመም» ነው፤ ሩቤላ የሚል የለበትም። እንዲህ ያለ ሞት ማን ቆጥሮት በጀት ይያዝለታል?

ሽፍታው የሚያመጣው ጣጣ ግን ከታወቀ ቆይቷል። አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ በእርግዝናቸው ሩቤላ ከያዛቸው እናቶች በተወለዱ ሕፃናት ላይ የዓይን ሞራ አይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ከ1964 እስከ 1965 በዘለቀው ወረርሽኝ በአሜሪካ ብቻ 20,000 ያህል ሕፃናት ጉዳቱን ይዘው ተወለዱ። ክትባቱ በ1969 ተፈቀደ። በ2015 ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ከሩቤላ ነጻ ተባሉ። የእኔ ልጅ የተወለደችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ምክንያታችሁን አውቀዋለሁ። ክትባቱ ጥቂት ሕፃናትን ብቻ ካዳረሰ በሽታው በልጅነት ያልያዛቸውን ሴቶች በመውለጃ ዕድሜያቸው ያገኛቸዋል ብላችሁ ሰጋችሁ። ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አልነበረም፤ ግሪክ በ1993 ደርሶባታል። ስለዚህ የኩፍኝ ክትባትን በመደበኛውም ሆነ በዘመቻ ለ80 በመቶው ሕፃናት ያላዳረሰ አገር ይጠብቅ አላችሁ። 80 በመቶ እንዳንደርስ ያደረገን የመንገድና የጤና ጣቢያ እጦት፣ በዚያም ላይ ጦርነት ነው። እናንተ ደግሞ በዚያው ምክንያት ክትባቱን አቆያችሁብን። ድሃ ለአንድ ድህነቱ ሁለቴ ተቀጣ። በ2024 የራሳችሁ አማካሪዎች መስፈርቱ ይነሳ አሉ። እስከዚያ ድረስ ለተቀበሩት ማን ይጠየቅ?

በ2023 መጨረሻ 175 አገሮች ክትባቱን ጀምረው ነበር፤ ካልጀመሩት 19 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የእኛ ሹማምንት ሆይ፣ ጄኔቫን ብቻ አልወቅስም። ሕፃናት በዘጠኝ ወራቸው ለኩፍኝ ይወጋሉ፤ የሩቤላው ክትባት ከኩፍኙ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ መርፌ የሚሰጥ ነው። የዋጋው ልዩነት አንድ ዶላር አይሞላም።

አሁን የቀረ ሰበብ የለም። ክትባቱ ባልተጀመረበት አገር ሁሉ ይጀመር፤ የመጀመሪያው ዘመቻም ጨቅላዎችን ብቻ ሳይሆን ከ15 ዓመት በታች ያሉትን ሁሉ ያዳርስ። ቀኑንም ቆርጣችሁ ለሕዝብ አሳውቁ።

የሟች ሕፃን እናት