ሜዳውና ምንጩ ሲጠፉ ተጠያቂው ማነው?



«የውሃና የመሬት ጉዳይ የቀበሌና የወረዳ ሹማምንት ሥራ ነው፤ መምህር ከጠመኔው ሌላ ምን አገባው?» የሚል አነጋገር በየጊዜው ይሰማል። እኛ ግን በእጅጉ ያገባናል እንላለን። ነገ ተመድበን በምንሄድበት ት/ቤት ቧንቧው ሲደርቅ፣ ተማሪዋ ጀሪካን ተሸክማ ስትኳትን ከክፍል ትቀራለች። የት/ቤቱ ሜዳ ተሸንሽኖ ሲታደል ደግሞ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ታዲያ ይህ የመምህር ጉዳይ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኘውን የሐረማያን ሐይቅ እንውሰድ። ይህ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት የሐረርን ከተማ ሕዝብ ውሃ ሲያጠጣ ኖሯል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ግን ደርቆ የከብት መሰማሪያ ሆነ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ከተማው በቧንቧ ይስብ ነበር። ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ይስብ ነበር። ከተራቆቱት ኮረብታዎች ታጥቦ የሚወርደው አፈር የሐይቁን ሆድ ይሞላ ነበር። ፀሐዩም የራሱን ድርሻ ይወስድ ነበር። በመጨረሻም ለሐረር ከድሬዳዋ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ፣ ሽቅብ እየተገፋ፣ በረጅም ቧንቧ ማምጣት ግድ ሆነ። ደጅ የነበረው ውሃ ከሩቅ አገር ተፈልጎ መጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። ሁሉም በየፊናው ጥቂት ጥቂት ስለወሰደ «ሐይቁን ያደረቅሁት እኔ ነኝ» የሚል አይገኝም። ገበሬውም ልጆቹን ማብላት ነበረበት፤ ከተሜውም መጠጣት ነበረበት። የጠቅላላውን ሒሳብ መያዝ የነበረበት ግን አስተዳደሩ ነው፤ ሰው የሚመረጠውና የሚሾመው ለዚሁ ነዋ! በቅርብ ዓመታት ሐይቁ እንደገና ውሃ መያዙ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ዳሩ ግን ደስታው ጥያቄውን አይሽረውም። ዛሬስ በዙሪያው ስንት ሞተር እንደሚስብ ቆጥሮ ለሕዝብ የሚናገረው ማነው?

ሜዳና ውሃ የማይገናኙ ለሚመስለው ሰው በሒሳብ እናስረዳ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ በ1 ሄክታር ሜዳ ላይ 20 ሚሊሜትር ቢዘንብ 200,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 10,000 ጀሪካን ይሆናል። ሣር የለበሰ ሜዳ ከዚህ ውስጥ ብዙውን ቀስ እያለ ወደ መሬት ያሰርገዋል፤ ከታች ያለውን ምንጭና ጉድጓድም ይመግባል። ሜዳው በቆርቆሮና በሲሚንቶ ሲሸፈን ግን ያው ውሃ ጎርፍ ሆኖ የታችኛውን ሰፈር ይመታል፤ በበጋ ደግሞ ምንጩ ይነጥፋል። ስለሆነም ሜዳ የሚሸነሽን ሹም ውሃም እየሸነሸነ መሆኑን ይወቅ።

«ብንጠይቅስ ማን ይሰማናል?» የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ የሚገኘውን ጃን ሜዳን እናስታውሳቸው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ለጊዜው ወደዚያ ተዛወረ። በችግር ጊዜ የተወሰደ ርምጃ ነውና የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን «ለጊዜው» የተባለው ሲራዘም ጥያቄው በረታ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጥምቀት በፊትም ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ተጸዳ። የጠየቀ ባይኖር ኖሮ ጊዜያዊው ነገር እዚያው ሥር ሰድዶ ይቀር እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሕጉም ቢሆን ከጠያቂው ጎን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊም ሆነ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል እንደሚጠየቅ፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን በሚመለከት ሕዝቡ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይገልጻል፤ አካባቢን መጠበቅም የመንግሥትና የዜጎች የጋራ ግዴታ ነው ይላል። መጠየቅ መሳደብ አይደለም፤ ግዴታን መወጣት ነው።

እርግጥ የሹማምንቱም ችግር ቀላል አይደለም። የቤት መሥሪያ ቦታ የሚፈልገው ወጣት በየደጃቸው ተሰልፏል፤ ጥያቄውም እውነተኛ ነው። እኛም «ምንም አይሠራ» አላልንም። የምንለው፣ የጋራ የሆነው ከመታደሉ በፊት ሕዝቡ ይወቅ፣ ይመክርበት ነው። ችግኝ ተከላንም እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። የተከላው ቀን ፎቶግራፍ መልካም ነው፤ በየቀበሌው ማንሳት ያለብን ጥያቄ ግን «ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ?» የሚለው ነው።

ፍርሃቱንም እናውቀዋለን። «ሹም የሚጠይቅ መምህር ወደ በረሃ ይዛወራል» እየተባለ ይወራል። ለዚህም ነው «ዝም አይነቅዝም» የሚባለው። ዝምታ አይነቅዝ ይሆናል፤ ምንጭ ግን ይነጥፋል። መፍትሔው ብቻን አለመጠየቅ ነው። ከወላጆች ጋር፣ ከባልደረቦች ጋር፣ በስብሰባ ላይ፣ በጽሑፍ፣ ቃለ ጉባዔ አስይዞ መጠየቅ። አንድን መምህር ማዛወር ይቻላል፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ግን ወዴት ያዛውሩታል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው ነገሩ።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን፦

1ኛ/ የጂኦግራፊ ክበባችን በማሠልጠኛችን ዙሪያ ያሉትን ምንጮች፣ ጉድጓዶችና ሜዳዎች እየዞረ ይመዝግብ፤ ካርታም ያዘጋጅ።

2ኛ/ ካርታው እዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በየዓመቱም ተከታዮቻችን ያመሳክሩት።

3ኛ/ የቀበሌው ምክር ቤት ተመራጮች ተጋብዘው የትኛው ሜዳ ለምን እንደተመደበ፣ ከየትኛው ምንጭ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ ያስረዱን።

ቢመጡ በአክብሮት እናዳምጣቸዋለን። በጽሑፍ መመለስ ከመረጡም ከዚህ ጽሑፍ ጎን ያለውን ቦታ ለመልሳቸው ትተንላቸዋል።